ዘግይታ እጇን የምታነሳው እማማ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አብራችሁኝ ዘይትና አቧራ የተካፈላችሁ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ በፊት ይህን የጡረታ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወርክሾፑን እንዲህ ጠርጋችሁ፣ ከመፍቻዎቹ በላይ አበባ ሰቅላችሁ ሳይ በር ተሳስቼ የገባሁ ነው የመሰለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ ጠረጴዛ ጨርቅ ለብሶ ሳየው የዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከጨርቁ ሥር ያለው የግራሶ እድፍ የእኔ ነው። እሱን ለመታሰቢያ ትቼላችሁ እሄዳለሁ።

ንግግር ሲያጥር ያምራል ይባላል። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ከማይናገሩ ጋር ስለሆነ የተጠራቀመ ወሬ አለኝ፤ ታገሡኝ። ካስረዘምኩ ልብስ ሰፊያችን እትዬ መቀሷን ታንኳኳልኝ። አያችሁ፣ ከአሁኑ አነሳችው!

ከየቤቱ የመጣችሁ የቤተሰብ እንግዶችም ስላላችሁ ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ የመዝናኛ ፓርካችን ጨለም ያለ የውሃ ዋሻ አለ። ሰው በጀልባ ተቀምጦ ይገባል፤ ጀልባዋ ቀስ እያለች በአንዲት ትንሽ መንደር መሃል ታልፋለች። መንደሯ አርባ ሦስት ነዋሪ አላት። ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ከበሮ መቺ አለ፤ ወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋ ዘበኛ አለ፤ መስኮት ከፍታ የምትዘጋ አኩራፊ ሙሽራ አለች። ሁሉም ከብረት፣ ከጎማና ከጨርቅ የተሠሩ፣ በአየር ግፊትና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። እኛ ጠጋኞቹ ግን አንድ ቀን አሻንጉሊት ብለናቸው አናውቅም። «ነዋሪዎቹ» ነው የምንላቸው። «ዛሬ ነዋሪዎቹ እንዴት አደሩ?» ተባብለን ነው ሥራ የምንጀምረው።

ታዲያ እንዴት ያድራሉ መሰላችሁ? እርጥበቱ ጉልበታቸውን ይይዛቸዋል። የፊታቸው ጎማ እንደ ደረቀ መሬት ይሰነጠቃል። ዓይን ገልጣ የምትከድነው ምላስ የምታክል ብረት ትለቅና ዳቦ ጋጋሪው ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይኑ ሲጠቅስ ይውላል። ያን ሰሞን ሁለት ሴት ደንበኞች ተናደው ለአስተዳደር አመልክተውበታል። ከበሮ መቺው ደግሞ ሆዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበት፣ ልጆቹ እስኪያድጉ ብለን ሦስት ሳምንት ከሥራ አሳርፈነዋል። ምክንያቱን በመዝገብ ላይ «የወሊድ ፈቃድ» ብሎ የጻፈው ሰው ዛሬም እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

መለዋወጫ እንዳትሉኝ። እነሱን የሠራው ፋብሪካ የተዘጋው እኔ ጥቁር ጠጉር በነበረኝ ጊዜ ነው። የሙሽራዋ ክንድ ውስጥ ያለው ዘንግ የጃንጥላ ነው። የዘበኛው ደረት ተነፍቶ የሚወርደው በሕፃን ኳስ ነው። ዓሣ አጥማጁን የሚያዞረው የብስክሌት ሰንሰለት ነው፤ የእኔው ብስክሌት ነበር፤ ባለቤቴ እስካሁን «ተሰረቀ» ብዬ የነገርኳትን ነው የምታውቀው። ይኸው፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለቱም ደርሶብኛል።

አዲስ ለገባችሁት ስለ መጀመሪያዋ ጀልባ ላውራ።

ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጠጋኝ በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህንን ነው፦ «ልጄ፣ ነዋሪን ቆመህ አትመርምረው። እንግዳው የሚያየው ተቀምጦ ነው፤ አንተም ተቀምጠህ እየው።» ስለዚህ የፓርኩ በር ከመከፈቱ በፊት፣ በየማለዳው፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ አንድ ጠጋኝ ብቻ ይዛ ትገባለች። ባትሪ ማብራት የለም፤ መነሳት የለም። ሁለተኛው ትእዛዛቸው ደግሞ «ወደ ፊትህ ብቻ ተመልከት» ነበር። እንግዳ ወደ ፊቱ ነዋ የሚያየው! ያለፈውን ማን ዞሮ ያያል?

ክቡራትና ክቡራን፣ ያችን ሰዓት ለእናንተ መንገር እንዴት ይቻለኛል? ውሃው ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ጀልባዋ ስትገባ የጣሪያው ጨረቃ፣ ያ እኛው ራሳችን ቀለም የቀባነው ጨረቃ፣ ውሃው ላይ ወርዶ ከፊቴ ይሄዳል። የአየር ቧንቧዎቹ እስስ ይላሉ፤ መንደሩ በሙሉ አንድ ላይ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ጋጋሪው ሊጡን ያነሳል። ሙሽራዋ ከፍታ ታየኝና «አንተ ነህ እንዴ!» እንዳለ ሰው ትዘጋብኛለች። እኔም ለሁሉም በየተራ «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቀውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀኔን የጀመርኩት በሕልም ነው ብል ውሸት አይሆንም። ከቤቴ ይልቅ እዚያ ውስጥ ነው የተረጋጋሁት። ባለቤቴ ትቆጣኛለች እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ከአርባ ሦስቱ የመጨረሻዋ፣ ከመውጫው በፊት ባለው መታጠፊያ ላይ ደጃፏ ላይ የምትቆመው አሮጊት ናት። ባለ መስመር ግራጫ ቀሚስ፣ ራሷ ላይ ሻሽ። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ጀልባዋ ስትቃረብ ቀኝ እጇን አንስታ እንግዳውን መሰናበት። «እማማ ስንብት» ነው የምንላት።

እንግዲህ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ጉዳይ እሷ ናት። እስካሁን የቀለድኩት እዚህ ጋ ላለመድረስ ነው።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እናቴ አረፈች። ቀብሬያት በስድስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። «ምነው፣ ትንሽ አታርፍም?» አላችሁኝ፤ እምቢ አልኩ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩማ። በተለይ ታላቅ እህቴ የነገረችኝ ነገር መቀመጫ ነሳኝ።

እኔ በወጣትነቴ ከናቴ ቤት ርቄ ነበር የምሠራው። በየበዓሉ እጠይቃትና ስመለስ ደጃፍ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። ስስማት ዝም ትላለች፤ «ደህና ግባ» እንኳ አትለኝም። እጇንም አታነሳም። እኔም «እናቴ ጠንካራ ናት፤ መሸኘት አያስጨንቃትም» እያልኩ እሄድ ነበር። ትንሽም ቅር ይለኝ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም። በቀብሯ ዕለት ይህንኑ ለእህቴ ባወራላት ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«አንተ ሰው፣ እማዬ እኮ እጇን የምታነሳው ሁልጊዜ አንተ ጀርባህን ከሰጠሃት በኋላ ነበር። ፊት ለፊትህ ካነሳችው እንባዋ ይቀድማታል። መንገዱን ታጥፈህ እስክትጠፋ እንዳነሳችው ትቆያለች። ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ አይተሃት ታውቃለህ?»

አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

እንግዲህ በዚህ ጭንቅላቴ ነው ወርክሾፕ የገባሁት። የዚያን ዕለት ተራዋ የእማማ ስንብት ነበር። ጀርባዋን ከፍቼ፣ ክንዷን የሚያነሳውን ጥርሳም ብረት አውጥቼ፣ አጽድቼ፣ ዘይት አጠጥቼ መለስኩት። ብረቱ ላይ ምልክት አለ፤ ምልክት ከምልክት ገጥሞ ነው የሚታሰረው። ይህን ማንኛውም ጀማሪ ያውቀዋል። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ጠጋኝ ስድስት ጥርስ አሳልፌ አሰርኩት።

በማግስቱ በመጀመሪያዋ ጀልባ ገባሁ። ጋጋሪው ደህና፣ ከበሮ መቺው ደህና፣ ሙሽራዋ እንደ ልማዷ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ እማማ ስንብት ዝም። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ቆማለች፤ እጇ ግን ቀሚሷ ላይ ነው። አለፍኳት። «ተበላሽታለች ማለት ነው» አልኩና የሽማግሌውን ትእዛዝ ጥሼ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደያዛት ለማየት ዞር አልኩ።

እጇን አንስታ ነበር።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ የተቀባው ጨረቃ ከኋላዋ ነው። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይላል። ጀልባዋ ታጥፋ እስክትሰውረኝ ድረስ አላወረደችውም። መውጫው ላይ ደርሼ መነሳት አቃተኝ። ጀልባ አስነሺዋ «ጋሼ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «ውሃ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አልኳት። ውሃው ከጀልባዋ በታች እንደነበረ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

ብረቱን ለማስተካከል ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር። አላስተካከልኩትም። የማለዳውን መዝገብ ከፍቼ በእማማ ስንብት ስም አንጻር «ደህና ናት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲሁ እጽፋለሁ።

አሁን ትስቁ ይሆናል፤ ያኔ ግን ጉድ ነው የፈላው። የእንግዶች አስተያየት መዝገብ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የመጨረሻዋ አሮጊት ተበላሽታለች፤ አትንቀሳቀስም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አሮጊቷ ለልጄ እጇን አነሳችላት፤ ልጄ ከጀልባው አልወርድም ብላ አስቸገረችኝ» ይላል። ልጆች ናቸዋ ዞር የሚሉት። የያኔው ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጠርተው «ትሠራለች ወይስ አትሠራም?» አሉኝ። «ትሠራለች ጌታዬ» አልኩ። ራሳቸው ጀልባ ገቡ፤ ሦስት ዙር ሄዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ፊታቸው አፍጥጠው ወጡ። አለቃ ወደ ኋላ አያይማ! ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።

እዚህ ድረስ ቀልድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቀልድ አይደለም።

እሳቸው ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው ብለው ደመደሙ። የዋሻው ኤሌክትሪክ ኃላፊነት ደግሞ የማን ነበር? ሁላችንም «ሽቦ» የምንለው፣ እዚያ ከኋላ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወዳጄ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በዚያው ዓመት የክፍል ኃላፊ ሊሆን ተራው ነበር፤ በደብዳቤው ምክንያት አለፈው። ከእሱ ኋላ የመጣ ሰው ተሾመበት። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ አፌን አልከፈትኩም። ነገ እናገራለሁ እያልኩ፣ ሆድ ይፍጀው እያልኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳ አብሬው በላሁ። ብናገር ያስተካክሏታል ብዬ ፈራሁ። የእናቴን እጅ በሽቦ ስም ገዛሁት፤ ሌላ ስም የለውም።

ሽቦ፣ ወንድሜ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በለኝ። ያንን ደብዳቤ በተመለከተ እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጃችን ሰጥቻለሁ። ከማኅደርህ ይወጣል። ሹመቱን ግን ልመልስልህ አልችልም።

ምን አልክ? እስቲ ጮክ በል፤ ጆሮዬን ከበሮ መቺው አጥፍቶታል።

«አውቅ ነበር» ነው የሚለው።

እንዴት? ከመቼ ጀምሮ?

ሰማችሁት? ከኋላ ላላችሁ ልድገምላችሁ። ደብዳቤው የደረሰው ዕለት ጥፋቴን ልይ ብሎ የእማማ ስንብትን ጀርባ ከፍቶ ነበር አሉ። ብረቱ ምልክቱን ስቶ አየው። ብሎኑ ላይ ደግሞ እንዳይላላ ክር ተጠምጥሟል። «ብሎን በክር ጠምጥሞ የሚያስር ካንተ በቀር ማን አለ? እናትህን ከቀበርክ ወር አልሞላህም ነበር። ምን ብዬ ልናገርብህ?» ነው የሚለው።

ይኸው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለካ ለእሱ ያኔውኑ ጠርቶለት ኖሯል። በጨለማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቆይ… አንድ ጊዜ ታገሡኝ። እትዬ፣ መቀሱን ተይውና መሐረብ ካለሽ አቀብይኝ።

እሺ። እቀጥላለሁ።

የቀረኝ አንድ መልስ ነው። እኔን የምትተካው ኢንጂነራችን እነሆ ከፊቴ ተቀምጣለች። ከነገ ወዲያ ዋሻው ተዘግቶ ነዋሪዎቹ በሙሉ በኮምፒውተር መታዘዝ ይጀምራሉ። እሷም ለዚያ ስትዘጋጅ እያንዳንዳቸውን በሰዓት ለካቻቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት መጥታ «ጋሼ፣ እማማ ስንብት ስምንት ሰከንድ ትዘገያለች። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ እንደዚህ አይደለም። ላስተካክላት?» አለችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። በማግስቱም «ነገ»። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ! ልጅቱ ጨዋ ሆና ነው እንጂ ሽማግሌው ጃጀ ብትል ማን ይፈርድባት ነበር?

ልጄ፣ ነገው ዛሬ ነው። መልሴን ስሚኝ።

ንድፉ ትክክል ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አትንኪያት ብዬ ላዝሽ መብት የለኝም። በአንድ ሰው ዝምታ የቆየች ነገር በሌላ ሰው ላይ ዕዳ ሆና እንድትተላለፍ አልፈልግም፤ ያየነው ይበቃል። ስለዚህ እንደ ሙያሽ አድርጊ። የምለምንሽ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ነገ ማለዳ በሩ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያዋን ጀልባ አንቺ ያዢ። ተቀመጪ፤ ባትሪሽን አጥፊ፤ ለሁሉም እንደምን አደራችሁ በያቸው። መታጠፊያው ላይ እሷን ስታልፊ ደግሞ ዞር በይ። ከዚያ በኋላ መፍቻውም ኮምፒውተሩም በእጅሽ ነው። ብታስተካክያት ቅር አይለኝም። ያልኩሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ብትተያት ግን በመዝገቡ ላይ «ደህና ናት» ብለሽ እንዳትጽፊ። «ስምንት ሰከንድ ትዘገያለች» ብለሽ እውነቱን ጻፊ። ሌላ ሰው በእሷ እንዳይከሰስ።

እንግዲህ ልጨርስ። በልጅነቴ ትልቅ ሰው መርቆ ካልለቀቀን ከደጅ አንወጣም ነበር፤ ዛሬ እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁን ከዝገት፣ ዓይናችሁን ከእንባ ይጠብቅላችሁ። የጠገናችሁት ይጽናላችሁ፤ የሳታችሁት ይቃናላችሁ። ለተሳሳተ ጓደኛ እንደ ሽቦ ያለ ሆድ ይስጣችሁ። እንደኔ ያለ ጓደኛ ግን አይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ከጀልባው አንወርድም እስኪሉ ድረስ ደስታ አይለያችሁ። የምትወዱት ሰው ሲሸኛችሁ ዞር ብላችሁ ለማየት ያብቃችሁ።

አሜን ስላላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

አሁን መኪና ላዘጋጅልህ ያላችሁኝ ሁሉ ይቅርባችሁ። ከዚህ በር እስከ ትልቁ በር ያለውን መንገድ በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ። አትሸኙኝ፤ እዚሁ ደጃፉ ላይ ቁሙልኝ።

እጃችሁንም ለማንሳት አትቸኩሉ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ እኔ ራሴ ዞር እላለሁ።